ነጭ ሽንኩርት ያለበት ጣፋጭ ዳቦና «ሙያ የለኝም» የሚለው አነጋገር



እሑድ እሑድ ተሰብስበን ሻይ ስንጠጣ ደጋግሜ የምሰማው አንድ አነጋገር አለ። «እኔ እኮ ሙያ የለኝም፤ የሰው ቤት ሠራተኛ ነኝ» የሚል ነው። ይህን የምትለው እኅት ግን ባለፈው ሐሙስ ለሃያ እንግዳ ያበሰለች፣ ሦስት ዓይነት ሰላጣ የከተፈች፣ ሩዙን ሳታሳርር ዳቦውን ሳታደርቅ ለማዕድ ያቀረበች ናት። በአገራችን «ሙያ» የሚለው ቃል ከቢሮና ከፋብሪካ በፊት የሚያውቀው ማድ ቤትን ነው። «ባለሙያ ናት» ሲባል ስለ ማን እንደሚወራ ሁላችንም እናውቃለን፤ ወጥዋ የሚጣፍጥ፣ እንጀራዋ ዓይናማ የሆነ፣ ጠላዋ የማይጠገብ ሴት ናት። ታዲያ ባሕር ስንሻገር ይህ ቃል ከአፋችን እንዴት እንደ ጠፋ አይገባኝም።

ነገሩን በጥቅሉ ብናገረው ስብከት ይሆንብኛልና በአንድ ምግብ ላስረዳ። የመረጥሁት ብዙዎቻችሁ በየቤቱ የምትሠሩትን፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የሚሻሙበትን፣ በረመዳንም ከሾርባው አጠገብ የሚቀርበውን አይብና ነጭ ሽንኩርት ያለበትን ዳቦ ነው። አንዳንዱ ቤት «ጋርሊክ ብሬድ» ይለዋል፤ አንዳንዱ «ኹብዝ ቢል ቱም»። በረጅሙ የፈረንሳይ ዳቦ የሚሠራው የታወቀ ነው። እኔ የማወራው ግን በለስላሳው ጣፋጭ ዳቦ ስለሚሠራው ነው፤ ለልጆች ቁርስ በላስቲክ ታሽጎ የሚገዛው፣ ወተትና ስኳር ያለበት፣ ትንንሽ ሆኖ ጎን ለጎን ተያይዞ የሚጋገረው።

መጀመሪያ ሲቀምሱት ለሐበሻ አፍ ግራ ነው። «ስኳርና ነጭ ሽንኩርት ምን አገናኛቸው?» ብላ የጠየቀችኝ እኅት አለች፤ አልፈርድባትም። ስኳርን ከሻይ ጋር፣ ነጭ ሽንኩርትን ከወጥ ጋር ብቻ እያየን ነው ያደግነው። ነገር ግን ጨጨብሳን አስቡት። ቂጣው ተቆራርሶ በንጥር ቅቤና በበርበሬ ታሽቶ ከላዩ ማር ሲፈስበት ማን ጠልቶት ያውቃል? ጨው፣ ቅባት፣ የሚያቃጥልና የሚጣፍጥ በአንድ ሳሕን ተገናኙ ማለት ነው። የዚህም ዳቦ ሥራው ያው ነው። ጣፋጭነቱ የአይቡን ጨው ያለዝበዋል፤ የነጭ ሽንኩርቱንም ኃይል ይገራዋል። እንዲያውም በእኔ አስተያየት በረጅሙ ዳቦ ከሚሠራው ይህ ይበልጣል። ያኛው ሲቀዘቅዝ ድድ ይልጣል፤ ይህኛው በማግሥቱም ሞቅ ተደርጎ ይበላል።

የጣፋጩ ዳቦ ታሪክ ደግሞ እኛን የሚነካ ነገር አለው። ከዚህ ዓይነት ዳቦ በዓለም በጣም የታወቀው የሃዋይ ዳቦ የሚባለው ነው። ሃዋይ በፓስፊክ ውቅያኖስ መካከል ያሉ ደሴቶች ናቸው፤ ዳቦው ግን ከዚያ የበቀለ አይደለም። ከ1878 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማዴይራና አዞረስ ከሚባሉት የፖርቱጋል ደሴቶች ብዙ ሰዎች በሸንኮራ አገዳ እርሻ ላይ ሊሠሩ ወደ ሃዋይ ተጓዙ። የተቀጠሩት ለአገዳው ሥራ ነበር፤ ማንም ዳቦ ጋግሩልን ብሎ አልጠራቸውም። እነርሱ ግን በየግቢያቸው የድንጋይ ምድጃ ሠርተው የአገራቸውን ጣፋጭ ዳቦ መጋገር ቀጠሉ፤ ጎረቤቱም ሁሉ ለመደው። በ1950 ደግሞ ሮበርት ታይራ የሚባል፣ ወላጆቹ ከጃፓን የመጡ ሰው ሂሎ በምትባለው የሃዋይ ከተማ ዳቦ ቤት ከፈተ። ዛሬ በአሜሪካ በየሱቁ የሚሸጠው «ኪንግስ ሃዋያን» የተባለው ዳቦ ከዚያች ዳቦ ቤት የመጣ ነው። ነጭ ሽንኩርት የተቀባው ዳቦም በአሜሪካ የታወቀው በጣሊያን ስደተኞች ምግብ ቤት ነው። እንግዲህ ትሪው ላይ የምታዩት ነገር ከላይ እስከ ታች እንጀራ ፍለጋ የወጡ ሰዎች የእጅ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ምድጃው እንሂድ። ለ12 ተያያዥ ትንንሽ ዳቦ 100 ግራም ቅቤ፣ 5 ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ደቅቆ የተከተፈ ባቅዱኒስ፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨውና 200 ግራም የተፈቀፈቀ አይብ ያስፈልጋል። ቅቤው ጨው ያለበት ከሆነ ጨዉ ይቅር። አምስት ፍሬ ያልሁት ትልልቁን የዚህን አገር ነጭ ሽንኩርት ነው፤ የእኛው ትንሹ ቢሆን እጥፍ ያህል ይፈልጋል።

ዳቦዎቹን እርስ በርስ አትለያዩአቸው። እንደ ተያያዙ፣ ጥርስ ባለው የዳቦ ቢላ፣ ቢላውን አጋድማችሁ ከመካከል ለሁለት ክፈሏቸው፤ አንድ ሰፊ ክዳንና አንድ ሰፊ መቀመጫ ይወጣችኋል። ቅቤው ከማቀዝቀዣ ቀድሞ ወጥቶ ይለስልስ እንጂ በእሳት አይቅለጥ። የቀለጠ ቅቤ እንደ ውኃ ወደ ሥር ይወርድና የታችኛውን ዳቦ ያረጥበዋል፤ የለሰለሰው ግን በተቀባበት ይቆያል። ነጭ ሽንኩርቱን በጨዉ ደቁሱት። ጠረኑ የሚወለደው ሲደቆስ ስለ ሆነ፣ ደቆሱት ማለት ከከተፉት ይልቅ በረታ ማለት ነው። ከቅቤውና ከባቅዱኒሱ ጋር አዋህዱት፤ ሁለቱንም የውስጥ ገጽ ቀቡት፤ አይቡን በታችኛው ላይ በትኑና ክዳኑን መልሱበት። ከላይ የሚቀባው ጥቂት ንጹሕ ቅቤ ብቻ ይሁን። ነጭ ሽንኩርት ፊት ለፊት እሳት ካገኘው ያርርና ይመርራል፤ ያ ምሬት ደግሞ ትሪውን በሙሉ ያበላሸዋል።

እሳቱ 180 ዲግሪ ይበቃዋል። በፎይል ሸፍናችሁ 10 ደቂቃ፤ ከዚያ ፎይሉን አንሥታችሁ 5 ደቂቃ ያህል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚቸገረው። ስኳርና ወተት ያለበት ዳቦ ከተራው ዳቦ ፈጥኖ ይጠቁራል። ለረጅሙ ዳቦ የለመዳችሁትን እሳት ለዚህ ብትሰጡት ወይም ከላይ ያለውን ግሪል ብትለኩሱበት፣ ውስጡ ያለው አይብ ሳይቀልጥ ፊቱ ከሰል ይሆናል። መጨረሻ ላይ ከምድጃው አትራቁ። ስልክ ቢጠራም ይጥራ።

ስለ አይቡ ጥቂት ልጨምር፤ እርሱ ነው ልዩነቱን የሚያመጣው። በውኃ ተዘፍቆ የሚሸጠው ሞዛሬላ ዳቦውን ያረጥበዋልና ደረቁን ምረጡ። ቤቱ ውስጥ ቃሽቃዋን ካለ በጣም ጥሩ ነው፤ ይቀልጣል፣ ጣዕምም አለው። ዓካዊም ይሆናል፤ ነገር ግን ጨው የበዛበት ስለ ሆነ ስስ አድርጋችሁ ቁረጡትና ውኃውን እየለዋወጣችሁ አንድ ሁለት ሰዓት ዘፍዝፉት፤ አጥልላችሁም አድርቁት። ሀሉም ግን ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ይጠበሳል እንጂ አይቀልጥም። ማዳም «ለምን አልቀለጠም?» ብላ ስትጠይቅ መልሱን የምታውቅ ሠራተኛና የማታውቅ ሠራተኛ በአንድ ዓይን አይታዩም።

አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለኝ። የተረፈውን የነጭ ሽንኩርት ቅቤ ማቀዝቀዣ ውስጥ አድርጉት፤ በጥቂት ቀን ውስጥም ጨርሱት። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት በዘይት ውስጥ ዘፍዝፎ በጠርሙስ ከማቀዝቀዣ ውጭ ማኖር ደግሞ አደገኛ ነው። አየር በማያገኝበት ዘይት ውስጥ ቦቱሊዝም የሚባለውን በሽታ የሚያመጣ መርዝ ሊፈጠር ይችላል፤ ሽታውም ጣዕሙም ላያስታውቅ ይችላል። በ1985 እ.ኤ.አ. በካናዳ በቫንኩቨር ከተማ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ በዘይት የተቀመጠ ነጭ ሽንኩርት 36 ሰዎችን በዚህ በሽታ ጥሏል። በብዙ ቤት ጠርሙሱ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጦ አይቻለሁ። የቤቱ ልማድ ነው ብላችሁ ዝም አትበሉ። በሽታው ከመጣ የሚጠየቀው ያበሰለው እጅ ነውና በትሕትና ንገሯቸው።

አሁን ወደ ተነሣሁበት ልመለስ። ከላይ የጻፍሁትን ብዙዎቻችሁ በእጃችሁ ታውቁታላችሁ። ቅቤው ስንት፣ እሳቱ ስንት ተብላችሁ ስትጠየቁ ግን «በግምት ነው» ትላላችሁ። በግምት ማብሰል የእናቶቻችን ጥበብ ነው፤ አላቃልለውም። ችግሩ በግምት የተያዘ ነገር ከዚያ ማድ ቤት፣ ከዚያ ትሪና ከዚያ ምድጃ ጋር የተጣበቀ መሆኑ ነው። ቤት ስትቀይሩ ወይም አገር ስትገቡ እንደገና ከዜሮ ያስጀምራል። መጠኑ በደብተር የሰፈረ ሙያ ግን ከባለቤቱ ጋር በሻንጣ ይሄዳል።

መለካት ሌላም ጥቅም አለው። ረቡዕና ዓርብ፣ በዓቢይ ጾምም፣ ቅቤና አይብ እያበሰላችሁ የማትቀምሱ አላችሁ፤ ሙስሊም እኅቶቻችንም በረመዳን ቀኑን ሙሉ ሳይቀምሱ ያበስላሉ። «ጨው በዛ» ተብለው የተወቀሱ፣ ወይም ለመቅመስ ተገደው ያዘኑ እንዳሉ አውቃለሁ። አንድ ጊዜ በፍስክ ቀን በማንኪያ ለክታችሁ፣ ቀምሳችሁ፣ ልኩን ካገኛችሁና ከጻፋችሁት፣ በጾም ቀን መቅመስ ለምን ያስፈልጋል? ሩብ የሻይ ማንኪያ በጾምም በፍስክም ያው ሩብ ነው።

ስለዚህ የምመክረው ከሱቅ የሚገዛ አንድ ትንሽ ደብተር ነው። የምግቡን ስም ቤቱ በሚጠራው በዓረብኛም ሆነ በፈረንሳይኛ፣ በራሳችን ፊደል ጻፉት፤ ከሥሩ መጠኑን፣ የእሳቱን ዲግሪ፣ ደቂቃውን፤ ደግሞ ለምን እንደዚያ እንደ ሆነ አንድ መስመር። «ቅቤው አይቅለጥ፤ ዳቦውን ያረጥባል» ብሎ የተጻፈ መስመር ከአሥር ፎቶግራፍ ይበልጣል። ፎቶውንም ቢሆን ተጠንቀቁ። የቤታቸው ዕቃና የልጆቻቸው ፊት በስልክ ሲነሣ የማይወዱ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው፤ በዚህ ሰበብ ጠብ የገጠማቸውንም ሰምተናል። ደብተር ግን ማንንም አያስቀይምም። ለልምምድ ብላችሁም ሳትጠይቁ የቤቱን አይብና ቅቤ አታውጡ። «ማዳም፣ ለልጆቹ ይህን ልሥራ?» ማለት ይበቃል፤ አብዛኞቹም ደስ ይላቸዋል።

«ብጽፈውስ ማን ሙያ ብሎ ይቆጥርልኛል?» የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ ትክክለኛ ጥያቄም ነው። የሊባኖስ የሠራተኛ ሕግ በ1946 ሲወጣ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኞችን ከሕጉ ውጭ አድርጓቸዋል፤ ሥራው እንደ ሥራ አለመቆጠሩ እንግዲህ ሥር ያለው ነገር ነው። በሌላ በኩል በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ መንግሥት ዝርዝር ውስጥ ከሰፈሩት 19 የቤት ውስጥ የሥራ ዓይነቶች መካከል ምግብ አብሳይ ከጽዳትና ከሞግዚት ሥራ ተለይቶ ራሱን ችሎ ተቀምጧል። በአገራችንም በ2008 ዓ.ም የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ተጓዧ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ እንዲኖራት ጠይቋል፤ ሲኦሲ የምንለው እርሱ ነው። ልብ በሉ፤ ወረቀቱ ራሱ «ሙያ» ብሎ ጠርቶታል። ለጽዳት ተቀጥራችሁ ሙሉ ማድ ቤቱን ከያዛችሁ፣ ውል የሚታደስበት ጊዜ ሲደርስ ይህን ማንሣት መብታችሁ ነው። «ጎበዝ ነኝ» ከማለት ይልቅ ደብተሩን ገልጦ «እነዚህን 40 ምግቦች ለብቻዬ እሠራለሁ» ማለት ይሰማል። ሁሉም ቤት ደመወዝ ይጨምራል ብዬ ተስፋ አልሰጣችሁም። ያልተጠየቀ ግን ሲጨመር አላየሁም።

ሌላም ቅር የሚለኝ ነገር አለ። 12 ዳቦ ጋግራ አንዱን በትኩሱ ያልበላች ስንት አለች! ልጆቹ ነክሰው የተዉትን ቁራሽ ሳሕን ስታጥብ የምትበላ አለች፤ ጠይቃ ስለማታውቅ ብቻ እንዲህ የምታደርግም አለች። ትሪው ከመግባቱ በፊት «አንዱ የእኔ ነው» ብሎ መናገር ነውር የለውም። እምቢ የሚል ቤት አለ፤ ብዙው ግን ሳያስብበት የቀረ ነው። የራሳችሁን ሥራ በትኩሱ ሳትበሉ ጨዉ ልክ መሆኑን፣ አይቡ መሳሳቡን፣ ዳቦው አለመድረቁን እንዴት ታውቃላችሁ? ትሪው ሲወጣ ለራሷ አንዱን የምታስቀር ሠራተኛ የምታስበው ስለ ሆዷ ብቻ አይደለም፤ የሥራዋን ልክ እየመረመረች ነው። በጾም ቀን ከሆነ ደግሞ አይቡንና ቅቤውን ትታችሁ፣ የፒታውን ዳቦ በወይራ ዘይት፣ በጨውና በተደቆሰ ነጭ ሽንኩርት ቀብታችሁ ዛዕተር ነስንሱበት፤ ጣፋጩ ዳቦ ወተት ስላለበት ለዚያ ቀን አይሆንም።

ወደ አገር ለመግባት ለምታስቡ፣ ሻይ ቤት ወይም ትንሽ ቁርስ ቤት የመክፈት ሐሳብ ላላችሁ ደግሞ ዳቦውን ከዱቄት ጀምሮ መሥራቱን ልጻፍላችሁ፤ ታሽጎ የሚሸጠውን በየከተማው አታገኙትምና። ግማሽ ኪሎ የስንዴ ዱቄት፣ 240 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ወተት፣ 70 ግራም ስኳር፣ አንድ ዕንቁላል፣ 60 ግራም ለስላሳ ቅቤ፣ 7 ግራም ደረቅ እርሾና አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው። ቅቤውን በመጨረሻ፣ ሊጡ ከተያያዘ በኋላ ጨምሩት። ሊጡ እጅ ላይ መጣበቁን ትቶ እስኪለጠጥ ድረስ 12 ደቂቃ ያህል ይታሽ። መጀመሪያ ያስቸግራል፤ ዱቄት እየጨመራችሁ አታድርቁት። እጥፍ እስኪሆን ይነፋ፤ 12 ቦታ ተከፍሎ፣ ተድበልብሎ፣ በተቀባ ትሪ ላይ ተጠጋግቶ ይቀመጥ፤ እንደገና ይነፋና በ180 ዲግሪ 20 ደቂቃ ያህል ይጋገር። በቤሩት ወይም በዱባይ ባሕር ዳር የለመዳችሁት ሰዓት ግን አዲስ አበባ ላይ አይሠራም። ከተማችን ከባሕር በላይ 2300 ሜትር ከፍ ያለች ስለ ሆነች ሊጡ ፈጥኖ ይነፋል። እርሾውን ሩብ ያህል ቀንሱ፤ ሰዓቱን ትታችሁ ሊጡን ተመልከቱ።

አይቡንም አስቡበት። የእኛ አይብ ከአሬራ በእሳት የሚወጣ ስለ ሆነ በምድጃ ውስጥ አይቀልጥም፤ ፈርፈር እንዳለ ይቀራል። አዲስ አበባ ውስጥ ፕሮቮሎኒ የሚባለው ይሸጣል፤ እርሱ ይቀልጣል። ቅቤው ላይ ግን እኛ እንበልጣለን። የተነጠረ የአገራችን ቅቤ ኮረሪማውና ኮሰረቱ፣ በብዙ ቤትም ነጭ ሽንኩርቱ አብሮት የበሰለ ስለ ሆነ ባቅዱኒስ አይፈልግም። ረግቶ ለስለስ ባለበት ሰዓት 2 ፍሬ ነጭ ሽንኩርት ብቻ ደቁሳችሁ ጨምሩበት፤ ንጥር ቅቤ ውኃ ስለሌለው ከ100 ግራም ይልቅ 80 ግራም ይበቃል። በበርበሬ ፈንታ ጥቂት ሚጥሚጣ የሚወድ ካለ አይቡ ላይ ይነስንስበት።